የቋጥኙ ዘበኛ

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ሸንጎ ተቀምጠው በሚከራከሩበት ዘመን፣ ከአንድ የማሽላ ማሳ በላይ ባለ ገደል የዝንጀሮ መንጋ ይኖር ነበር። መንጋው ማሳው ውስጥ ገብቶ ሲበላ አንድ ዝንጀሮ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ደንቡ ቀላል ነው። በላተኞቹ ቀና ብለው ያያሉ፤ ዘበኛው ዝም ካለ ሰላም ነው፣ ከጮኸ ሩጫ ነው።

ዘበኛው አያ ጎፈሬ ይባላል። በጉልምስናው ተሹሞ እዚያው ሸበተ። ከቋጥኙ ላይ ሆኖ ከማሳው መሀል ባርኔጣ ያጠለቀ ገበሬ ቆሞ ያያል፤ ዓይኑንም ከእሱ ላይ አይነቅልም። ገበሬው ንቅንቅ አይልም፣ ጎፈሬም አይጮህም። አንዳንዴ "እንዲህ ያለ ሰነፍ ሰው አላየሁም" እያለ ይታዘበዋል።

ማታ ማታ መንጋው ሆዱ ተነፍቶ ሲመለስ የተረፈ የማሽላ ራስ ይወረውርለታል። ጎፈሬ ደረቁን ማሽላ እያኘከ "እኔ ግን ምን ሠራሁ?" ማለት ጀመረ። ጥያቄው እንቅልፍ ሲነሳው እመት ኤሊ ዘንድ ሄደ። እመት ኤሊ ኑሮ ትርጉም ያጣባቸውን በመምከር የታወቀች ናት። ከተወለደችበት ኩሬ ርቃ ባታውቅም ለሁሉም መንገድ ታሳያለች።

"ዕድሜዬን በሙሉ ቁጭ ብዬ አንድ ሰው ሳይ ኖርኩ" አላት። "አንድ ቀን እንኳ ጮኼ አላውቅም። ብሞት ማን ልብ ይለኛል?"

"አንተ ስትጠብቅ የተያዘ ዝንጀሮ አለ?"

"የለም።"

"ውሻ የነከሰውስ?"

"እሱም የለም።"

"እንግዲያው ምንም አለመሆኑ ነው ያንተ ሥራ፣ አያ ጎፈሬ። ይህን የሚያህል ሥራ ማን ሠርቷል?" ብላ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ መለሰች።

ጎፈሬ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። በማግስቱ ቋጥኙ ላይ የተቀመጠው እንደ ሹም ነበር።

ያን ቀን ከባድ ነፋስ ነፈሰ። የገበሬው ባርኔጣ በረረ፤ ጭንቅላቱም ተከተለ። ጎፈሬ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ።

"ሽሹ! የሰውየው አንገት ተቆረጠ!"

መንጋው ቀና ብሎ አየውና መብላቱን ቀጠለ።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ገለባ ነው። ለማስፈራሪያ ያቆሙት" አለችው ጉንጬ የምትባል ዝንጀሮ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ።

"መቼ አወቃችሁ?"

"ዓምና። ልጆቹ ትከሻው ላይ ወጥተው ይጫወታሉ።"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"እርስዎ ከወረዱ ከእኛ አንዳችን መውጣታችን ነዋ።"

ጎፈሬ ወረደ። ማሳው ውስጥ ገብቶ ከገለባው ፊት ቆመና "ስንተያይ ኖርን" አለው። "አንተ ትሻላለህ። ቢያንስ ምክር ፍለጋ አልሄድክም።"

ወዲያው ሸንጎ ተጠራ። ማን ይውጣ ሲባል አንዱ ወገቡን አመመው፣ አንዷ አራስ ነኝ አለች፣ አንዱ ደግሞ፣ ገደል ውስጥ ተወልዶ ያደገው ማለት ነው፣ ከፍታ ያዞረኛል አለ። በመጨረሻ ጉንጬ "ለምን ገለባውን አናወጣውም?" ስትል በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ጭንቅላቱን መልሰው፣ ባርኔጣውን ደፍተው፣ ጎትተው ቋጥኙ ላይ አስቀመጡት። ከጎፈሬ ይልቅ ቀጥ ብሎ እንደሚቀመጥ፣ ሳልም እንደሌለበት ተመሰገነ።

በማግስቱ ጎፈሬ ከመንጋው ጋር ማሳ ገባ። እሸቱ ወተት ነበር። ለካ ኑሮ ትርጉም አለው፣ አለ በሆዱ።

ከወዲያ ማዶ እውነተኛው ገበሬ ወደ ማሳው ቢያይ ማስፈራሪያው የለም። ዱላውን አንስቶ ውሾቹን ጠራ።

ጩኸታቸው ሲሰማ መንጋው በሙሉ ቀና ብሎ ወደ ቋጥኙ አየ። ዘበኛው ንቅንቅ አላለም። ውሾቹ ቀረቡ፤ ዘበኛው ያው ነው። ግራ ሲገባቸው ወደ ጎፈሬ ዞሩ፤ ሥራውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረምና።

"ከጮኸ እንሮጣለን" አለ ጎፈሬ ሌላ እሸት እየሰበረ። "አልጮኸም እኮ። ብሉ።"