ዘጠና አራት በመቶ የዳነው ዓሣ

ሐረር በረጅም ዕድሜዋ ብዙ ታላላቅ ነገሮችን አይታለች። ሆኖም ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የተፈጸመውን የሕክምና ገድል የሚያህል አይታ አታውቅም። ባለ ገድሉ ሐኪም ሳይሆን ኮሚቴ መሆኑ ደግሞ ክብሩን እጥፍ ያደርገዋል። የመሥሪያ ቤቱን ስም የማንጠራው ትሕትናውን ስለምናውቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከጅቡቲ የመጡ እንግዶች አንድ ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ አንድ ከረጢት የባሕር ጨውና አንድ ቢጫ የባሕር ዓሣ በስጦታ ባበረከቱ ጊዜ ነው። ኃላፊው አቶ ሽፈራው ስጦታውን ሲረከቡ ለአርባ ደቂቃ ተናገሩ፤ ዓሣው አፉን ከፍቶ አዳመጣቸው፤ ይኸውም በቃለ ጉባኤ «በአድናቆት» ተብሎ ሰፈረ። «የወዳጅነት ዓሣ» የሚል ስያሜ ወጣለትና ገንዳው እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠ። አብልቶ ውኃውን የሚጠብቅለት ሰው ሲፈለግ ሥራው ሥርጉት ላይ ወደቀ።

ሥርጉት የመዝገብ ቤት የኮንትራት ሠራተኛ ናት። አራት ዓመት ሙሉ በየስድስት ወሩ «ጊዜያዊ» እየተባለች ስትታደስ ኖራለች። የቋሚነት ደብዳቤዋ ተጽፎ፣ አቶ ሽፈራው ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። «አንቺ ብቻ ዓሣውን ደኅና አድርገሽ ያዢ፣ የደብዳቤው ነገር ቀላል ነው» ብለዋታል። እሷ ግን ደብዳቤው ባይኖርም ትይዘው ነበር። ሎሚ ብላ ስም አወጣችለት፤ ጠዋት ስትገባ ወደ መስታወቱ እየሮጠ ሲመጣ፣ በዚያ መሥሪያ ቤት መምጣቷ የሚያስደስተው ፍጡር እሱ ብቻ መሆኑን ታውቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሎሚ አልመጣም። ጥግ ይዞ ጎኑን ከድንጋዩ ጋር ያካል፤ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፤ ክንፉ ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጫጭ ነጥብ ወጥቶበታል። ሥርጉት ፎቶ አነሳችውና በምሳ ሰዓት ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ወደምትነግደው ጓደኛዋ ወደ ሩቂያ ሮጠች፤ የሩቂያ ወንድም ጅቡቲ እንዲህ ያለ ዓሣ ይሸጣል። መልሱ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ መጣ።

«አቦ አታልቅሺ» አለቻት ሩቂያ ስልኩን ከጆሮዋ እያወረደች። «ተባይ ነው ይላል፤ ያውቀዋል። ዓሣውን ለብቻው አውጪው። ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ቀስ እያልሽ የውኃውን ጨው ቀንሺ፣ ከግማሽ በታች እስኪወርድ። ዓሣው ይችለዋል፣ ተባዩ አይችልም። ትልቁ ገንዳ ደግሞ ሁለት ወር ተኩል ያለ ዓሣ ይቀመጥ፤ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ያልቃል። ቀድመሽ ከመለስሽው ግን ወላሂ፣ ሁለተኛ አይተርፍም።»

መቼም መድኃኒት በአንድ ስልክ መገኘቱ ለመሥሪያ ቤቱ ነውር ነው። በማግስቱ «የዓሣ ጤና ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው አቶ ሽፈራው ሆኑ፤ አባላቱ የሰው ኃይሏ እትዬ ሙሉነሽ፣ የዕቅድ ባለሙያው አቶ ኡራኤልና ሾፌሩ ሽመልስ ነበሩ። ሽመልስ የተመረጠው ድሬዳዋ ድረስ ስለሚመላለስ ለባሕር የቀረበ ልምድ አለው ተብሎ ነው።

«ብርድ ነው» አለ ሽመልስ። «ለጅቡቲ ልጅ ሐረር ትበርዳለች። ፌጦ ይሰጠው።»

«ነጩ ነገር ጨው ነው» አሉ አቶ ኡራኤል። «የባሕር ዓሣ አይደል? ላዩ ላይ ደርቆበት ነው።»

«ውኃ ውስጥ እያለ ይደርቃል?» አለች ሥርጉት።

«ዝርዝሩ በሁለተኛው ሩብ ዓመት ይጠናል።»

የሩቂያ ወንድም ያለውን ነገረቻቸው። አቶ ሽፈራው በትዕግሥት አዳመጡ። «መልካም። የደብዳቤው ቁጥር ስንት ነው?»

«በስልክ ነው የነገሩኝ።»

«እንግዲህ እኛ በስልክ አንሠራም። ደግሞስ ባዶ ገንዳ ለጎብኚ ይታያል? ከወዳጅ ያገኘነውን ስጦታ ባዶ አድርገን?»

ያን ጊዜ እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለመሆኑ» አሉ፣ «ይህ ፍጡር ሲበላ የከለለው ሰው አለ?»

አቶ ኡራኤል ማስታወሻቸውን አገላበጡ።

«በሉ መልሱልኛ!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «ከጠዋት እስከ ማታ ባለጉዳይ ከቦ እያፈጠጠበት ይጎርሳል። እኛ ሰው ሲጎርስ እንኳ ነጠላ እንይዝለታለን። በዚያ ላይ ቢጫ ነው፣ ያምራል። ዓይን በልቶታል፣ አለቀ!»

ድምፅ ተሰጠ። ዓይን ሦስት፣ ብርድ አንድ። በሽታው በአብላጫ ድምፅ ታወቀ፤ የሽመልስ ልዩነትም በክብር ተመዘገበ። ሕክምናው ያው ከለላ ነው። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ ተገዝቶ በገንዳው ዙሪያ ተሰቀለ፤ «ዓሣውን ማየት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ማስታወቂያም ማኅተም ተመታበት። ዓይን ሹመት አይመርጥምና ክልከላው ኮሚቴውንም ይጨምራል ተባለ። ማየት የተፈቀደላት ሥርጉት ብቻ ናት፤ የኮንትራት ሠራተኛ ዓይን ያን ያህል ጉዳት አያደርስም።

መጋረጃው የተሰቀለ ቀን ሥርጉት መዝገብ ቤት ገብታ አለቀሰች። ሎሚ በጨለማ ሊሞትባት ነው። ፊቷን ታጥባ ስትመለስ መጋረጃውን እንደገና አየችው፤ አሁን ግን ቆም ብላ አየችው። ከመጋረጃው ኋላ ዓሣ ይኑር አይኑር፣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በመሥሪያ ቤቱ አንድም የለም። ሳቋ አመለጣት።

በምሳ ሰዓት ሎሚን ክዳን ባለው ባልዲ ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሽ ደረጀ አስቆሟት።

«ምንድን ነው?»

«ውኃ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ደረጀ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «እናንተ ሰፈር፣ ሐኪም ጋራም ውኃ ጠፋ እንዴ?»

«አሥራ አንድ ቀን ሆነው።»

«ሂጂ ልጄ፣ እኔ አላየሁም።»

ቤት ስትደርስ እናቷ «ለሰው ያልደረሰ ውኃ ለዓሣ!» ብለው ጮኹ፤ ጮኸው ሲያበቁ ግን ትልቁን የልብስ ሳፋ አጥበው ሰጧት። ሥርጉት የባሕር ጨው በጥብጣ፣ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ አስገባችና ጨዉን ቀስ በቀስ እየቀነሰች ሄደች። በአሥረኛው ቀን ነጥቡ ከላዩ ረገፈ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከእጇ በላ። እሷ በደስታ ስትዘል እናቷ «አንቺ ልጅ ውኃውን እንዳትደፊው!» አሉ፤ እሳቸውም ግን ወደ ሳፋው ጎንበስ ብለው «ና እስቲ የኔ ወርቅ» ሲሉ ተሰምተዋል።

በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አቶ ኡራኤል በየጠዋቱ ጆሯቸውን መጋረጃው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። ባዶው ገንዳ ውስጥ ያለው አየር መንፊያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። «ትንፋሹ ተስተካክሏል» ብለው ይጽፋሉ። ለዓሣው የሚሰጠው ምግብ በየቀኑ ያልቃል፤ ሥርጉት ወደ ቤት ስለምትወስደው ነው። «የምግብ ፍላጎቱ ጨምሯል» ብለው ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ በመቶ ዳነ፣ በሦስተኛው ሰባ ሁለት፣ በአምስተኛው ዘጠና አራት። ገንዳው ውስጥ ዓሣ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም።

ዝናው ከበላይ ደረሰ። «በመጋረጃ ስለማከም» የሚለውን ምርጥ ተሞክሮ የሚቀስም ልዑክ በስድስተኛው ሳምንት እንደሚመጣ ተጻፈ። ሥርጉት በጣቷ ቆጠረች፤ ገንዳው ሊጸዳ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ሎሚን ብትመልሰው ይሞታል። ባትመልሰው ደብዳቤዋ ቀረ፤ ምናልባትም እሷ ራሷ ትባረራለች። አቶ ሽፈራው ቢሮ ገባች።

«ጋሽ ሽፈራው፣ ዓሣው ገንዳው ውስጥ የለም። ቤት ወስጄ እያከምኩት ነው።»

አቶ ሽፈራው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሥርጉት፣ ዓሣው ዘጠና አራት በመቶ ድኗል።»

«አዎ፣ እኛ ቤት።»

«ሪፖርቱ እዚህ ነው የሚለው። ማንን ልመን፣ ሦስት ሰው የፈረመበትን ሪፖርት ወይስ አንቺን?»

«መጋረጃውን ገልጠው ይዩት እንጂ!»

«አይቼ ሕክምናውን ላበላሽ? ደክሞሻል፣ ሂጂ ዕረፊ።»

ሥርጉት ወጣች። ሎሚን ላለመመለስ ቆረጠች፤ የመጣው ይምጣ።

ልዑኩ የመጣ ቀን አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። የልዑኩ መሪ ወይዘሮ ሊዲያ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። አቶ ሽፈራው «ዓይን ያጠፋውን ከለላ መለሰው» ብለው ጀምረው፣ አርባ ደቂቃ ተናግረው ሲያበቁ መጋረጃውን ሳቡ።

ውኃ። ድንጋይ። ቡልቅ ቡልቅ።

አቶ ሽፈራው አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እትዬ ሙሉነሽ አማተቡ። ሥርጉት ዓይኗን ጨፈነች።

«ዓሣውስ?» አሉ ወይዘሮ ሊዲያ።

«መቶ በመቶ!» ብለው ጮኹ አቶ ኡራኤል፤ ላብ አጥምቋቸው ነበር። «መቶ በመቶ ድኖ ወጥቷል!»

ወይዘሮ ሊዲያ ቀስ ብለው ተነሡ። «እኔ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቴ» አሉ፣ «በክትትል ላይ ነው፣ በሂደት ላይ ነው ሲባል እንጂ፣ ታካሚውን አድኖ አልጋ ያስለቀቀ ተቋም ዛሬ ገና አየሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ሽመልስ አፏጨ።

በዚያው ሳምንት የሥርጉት ደብዳቤ ተፈረመ። ዓሣው ሳለ ጊዜያዊ የነበረችው ልጅ፣ ዓሣው ሲጠፋ ከነደረጃ ዕድገቷ «የዓሣ ጤና ክትትል ቋሚ ባለሙያ» ሆነች። አምስቱ ሳምንት አልቆ ገንዳው ሲጸዳ ግን ዝም ማለት አልሆነላትም። «አሁንማ ልመልሰው» ብላ አቶ ሽፈራውን ለመነቻቸው።

«አብደሻል?» አሉ በሹክሹክታ። «ድኖ የወጣ ከተመለሰ፣ አገረሸበት ነው የሚባለው!»

ስለዚህ ሎሚ እዚያው ሐኪም ጋራ፣ እነሥርጉት ቤት ቀረ፤ የሥርጉት እናት ሲያበሉት ነጠላ አይዙለትም፣ ይልቁንም ጎረቤት ጠርተው ያሳዩታል። ሥርጉት ደግሞ በመጀመሪያው የቋሚነት ቀኗ መጋረጃውን ገልጣ፣ ባዶውን ገንዳ በጥንቃቄ መርምራ «በዛሬው ዕለት የታመመ ዓሣ የለም» ስትል ጻፈች። ከዚያ መሥሪያ ቤት ስለ ዓሣው የወጣ የመጀመሪያው እውነተኛ ሪፖርት ነበር። አቶ ኡራኤል አንብበው እንድታርመው መለሱላት።

«በመቶኛ አልተገለጸም» አሏት።