ሰይድ ጋ ለቅሶ የሄድን ዕለት

መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እኩል የሚሆነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዶክተሩም፣ ጸሐፊዋም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም እኩል ጨለማ ውስጥ ቁጭ ይላሉ። መብራቱ ብልጭ ሲል ግን ሁሉም ወደየማዕረጉ ይመለሳል። እኔ የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲም ከዚህ አይለይም። የመምህራን ሻይ ክበብ አለ፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ሻይ ክበብ አለ፤ ሻዩን የምታፈላው ግን አንዲት ሴት ናት። ልዩነቱ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በመምህራኑ በኩል ብርጭቆው ከሥሩ ሰሃን አለው። ይቺን ሰሃን ለማግኘት ስንት ዘመን እንደተማርን አስቡት እንግዲህ!

በሻዩስ ባልከፋኝ። የከፋኝ በሞት ነው። የአንድ ዶክተር አክስት ሲሞቱ አውቶቡስ ይታዘዛል፣ ዲኑ ንግግር ያዘጋጃሉ፣ ክፍለ ጊዜ ይታጠፋል። የአንድ ጥበቃ ወይም የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ዘመድ ሲሞት ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ በማግስቱ የፈተና መርሐ ግብር ይለጠፍበታል። ሟች የትምህርት ደረጃ እንዳለው ያወቅሁት እዚህ ግቢ ነው። ያውም የራሱ ያልሆነ፣ የወንድሙ ልጅ ዲግሪ!

ታዲያ አንድ ቀን «የሥራ ቦታ አብሮነትና ፍትሐዊነት ኮሚቴ» የሚባል ተቋቋመና እኔን ሰብሳቢ አደረጉኝ። ለምን እኔን? ስብሰባው ላይ አልነበርኩማ። ኮሚቴው ለብዙ ጊዜ የሠራው ሥራ ስሙን ማሳጠር ነበር፤ እሱም አልተሳካም።

በዚህ መሃል ነው የሰይድ እናት የሞቱት።

ሰይድ የዋናው በር ጥበቃ ነው። አምባሰል ተወልዶ፣ ሐይቅ ከተማ ትዳር ይዞ የሚኖር፣ ገቢ ወጪውን በየስሙ የሚጠራ፣ የልጆቻችሁን ጉንፋን ሳይቀር የሚጠይቅ ሰው። ለቅሶ ሲሆን ደግሞ ቀድሞት የሚደርስ የለም። የዶክተሮቹ ዘመድ ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ አግዳሚ የሚሸከመው እሱ ነው። የእናቱ መርዶ ሲመጣለት ግን ፈቃድ ጠይቆ፣ «እናንተ ሥራ አለባችሁ፤ አትልፉ» ብሎን ብቻውን ሚኒባስ ተሳፈረ።

በነጋታው የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሉባባ ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች።

«የአብሮነት አለቃው አንተ ነህ አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

እንደ አነጋገሯ ከሆነ አለመሆን ይሻለኝ ነበር፤ ግን ነኝ አልኳት።

«እንግዲያው ስማኝ። የሰይድ አገር ቅሬ ዛሬ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው ማን መጣ፣ ማን ቀረ የሚለውን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያገለገለበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰው አልላከለትም ሲሉ፣ ሰይድ በምን ዓይኑ ነው ሰው ቀና ብሎ የሚያየው?»

ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬው ከታዘበህ ታዘበህ ነው፤ ይግባኝ የለውም። ተነሥቼ በቀጥታ ዲናችን ዶክተር ከበደ ጋ ገባሁ። እሳቸውም መመሪያው አውቶቡስ የሚፈቅደው ለመምህራን ለቅሶ እንደሆነ በትሕትና አስረዱኝ። እኔም ኮሚቴውን ያቋቋሙት ራሳቸው መሆናቸውን በትሕትና አስታወስኳቸው። በመስኮቱ ወደ በሩ ተመለከቱና፣ በሰይድ ምትክ የቆመው ጥበቃ ጠዋት አላውቅዎትም ብሎ መታወቂያ እንደጠየቃቸው፣ መታወቂያውንም ቤት ረስተውት ኖሮ ብዙ እንደቆሙ ነገሩኝ። «ሰይድ እኮ ገና ከሩቅ ነው እንዴት አደሩ የሚለኝ» አሉ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «አውቶቡሱ ይውጣ። እኔም እመጣለሁ።»

ታላላቅ ማሻሻያዎች እንዲህ ነው የሚጸድቁት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሐይቅ ተነሣን። አውቶቡሱ ውስጥ መምህራን ከፊት፣ የአስተዳደር ሠራተኞች ከመሃል፣ ጥበቃና ጽዳት ከኋላ ተቀመጥን። ማንም አላዘዘንም፤ እግራችን ራሱ ነው የሚያውቀው። ሐይቁን ከጀርባ ትተን ወደ አምባሰል ስናቀና ዶክተር ከበደ ንግግራቸውን በከንፈራቸው ያጠኑ ነበር። ውጫሌ ደርሰን አንዱን የባጃጅ ሹፌር ለቅሶው የት ነው ብለን ጠየቅነው። በእጁ ወደ ገጠሩ መንገድ ጠቆመን፤ ድንኳኑን ከመንገዱ ዳር እናገኘዋለን አለ። የማን ለቅሶ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን ነበር? ያ ሁሉ ዲግሪ ተጭኖ አንድም አልነበረም።

እውነትም ድንኳኑ ከመንገዱ ዳር ነበር። ከአውቶቡሱ እንደወረድን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሉባባ ከፊት ሆና፣ እየተላቀስን ገባን። የሒሳብ ሠራተኛው ወንድሜነህ ብቻ እጄን ጎተት አደረገኝና፣ ድንኳኑ ውስጥ ቄሶች ተደርድረዋል፣ የሰይድ እናት ለቅሶ ላይ ቄስ ምን ይሠራል ሲል አንሾካሾከ። በቁጣ አየሁት። ወሎ ውስጥ መሆኑን ረሳው? ሼሁ ለቄሱ፣ ቄሱ ለሼሁ የሚያለቅስበት አገር መሆኑን እኔ ነኝ የማስተምረው? አፍሮ ተከተለኝ። ምስኪን! ከሁላችንም በትክክል የገመተው እሱ ነበር።

ዶክተር ከበደ ተነሡ። እኚህ ደግ እናት ምን ያህል የተባረከ ማሕፀን እንደነበራቸው፣ በእጃቸው ፈትለው ልጃቸውን እንዳለበሱ፣ ምግባርና ጨዋነትን ከጡታቸው ጋር እንዳጠቡት ተናገሩ። እንዲያ ያማረ ንግግር ሰምቼ አላውቅም። ሁለት ባልቴቶች ተያዩ። አንድ ቄስ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። በመጨረሻ ወፍራም ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ከመካከል ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ከዚህ ድረስ ደክማችሁ መምጣታችሁ ትልቅ ክብር ነው» አለ። ቀጥሎ ትንሽ አመነታ። «ግን የሞተው አባቴ ነው።»

በዚያች ደቂቃ መብራት ቢጠፋ ምን ነበረበት? ጠራራ ፀሐይ ነበር እንጂ።

ዶክተር ከበደ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ። የሟቹ ልጅ፣ ስሙ ጌታቸው ነው፣ ቀረብ ብሎ ማንን ፈልገን እንደመጣን ጠየቀን። የሰይድን እናት ወይዘሮ ዘሐራን ስንለው ፊቱ ተለወጠ። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ እንደሆነ፣ ልጅ ሳለ ከጓሯቸው በቆሎ ሰርቆ እንኳ የማይመቱት ሴት እንደነበሩ፣ አባቱ በዚሁ ሳምንት ባይሞቱበት ኖሮ እሱም እዚያ ድንኳን ውስጥ ይሆን እንደነበር ነገረን። እኛ ቶሎ ሹልክ ብለን ልንወጣ ብንል ማን ይልቀቀን! ንፍሮውንና ዳቦውን ካልቀመሳችሁ አሉን። አባትየው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩም ነገሩን፤ ሉባባ ሰምታ አሁን ደግሞ የእውነቷን አለቀሰች። ስንነሣ ጌታቸው ለዘመዶቹ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከፊሉ ለቀስተኛ፣ ከቄሶቹም አንደኛው፣ አብሮን ተነሣ። «እናንተ ለአባቴ አልቅሳችሁልኛል፤ እኛም ለእማማ ዘሐራ ሳንደርስ አንቀርም» አለ።

ወንዙን አውቶቡስ አይሻገረውም። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ዲኑ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው አንድ እጃቸውን ለአንዱ የቢሮ ተላላኪ፣ አንዱን ለቄሱ ሰጥተው ተሻገሩ። ከወዲያ ማዶ ስንወጣ ማን ከማን ፊት እንደሚሄድ ጠፍቶን ነበር፤ ሁላችንም እርጥብ ነበርን።

ሰይድ ከድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ደነገጠ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው የሚመጡትን ዲን አየ፤ የዩኒቨርሲቲውን ግማሽ አየ።

«ምነው? ምን ሆናችሁ? ግቢው ተቃጠለ እንዴ?» አለ።

«አብሽር ሰይድ፣ ምንም አልሆንም። አንተ ጋ ነው የመጣነው» አለችው ሉባባ።

ያን ጊዜ ነው ሰይድ ያለቀሰው። ወንድሙ በኋላ እንደነገረኝ፣ እናቱ ከተቀበሩ ጀምሮ እንግዳ ሲያስተናግድ እንጂ ሲያለቅስ አላዩትም ነበር። ዶክተር ከበደ አቅፈውት ቆሙ። ያን ያማረ ንግግር አልደገሙትም፤ «አላህ ይርሐማት፣ ሰብሩን ይስጥህ» ብቻ አሉ፤ እሱም በቃ። የቅሬው ሽማግሌ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏቸው ኖሮ፣ ሰይድን እዚያ ዩኒቨርሲቲ ምንድን ነህ ብለው በሰው ፊት ጠየቁት። ሰይድ ሊመልስ ሲል ዲኑ ቀደሙት።

«ባልደረባችን ነው» አሉ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ማታ ላይ ሰይድ የዩኒቨርሲቲው የበላይ ኃላፊ ነው የሚል ወሬ አገሩን አዳርሶ ነበር፤ ማስተባበያ ያወጣ የለም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ባገኘንበት ቦታ ተቀመጥን። ዶክተር ከበደ ከኋላ፣ ከጥበቃዎቹ መሃል ገቡ። ሉባባ የተባረከውን የአባትየውን ማሕፀን አንሥታ ስትቀልድባቸው ከማንም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የአንድ የታወቁ ዶክተራችን አጎት ሞቱ። ወቅቱ የፈተና እርማት ነበርና ለቅሶ የደረስነው አንድ ሚኒባስ የሞላን ሰዎች ብቻ ነን። ዶክተሩ ከሐዘናቸው እንደተመለሱ ቀጥታ ወደ ኮሚቴው መጡ። አድልዎ ተፈጽሞብኛል፣ ክብሬ ተነክቷል፣ ኮሚቴው ይዳኘኝ አሉ። ዳኝነቱን ምን ላይ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። ጠረጴዛዬን በጡጫ መቱት።

«እኔ ከጥበቃው በምን አንሳለሁ?»