መጋቤ አጀንዳ እንድርያስ

በአገራችን እጁን የሚያወጣ ሰው ሳይኖር የተጀመረ ስብሰባ ሊኖር ይችላል፤ እሱ ሳይናገር ያለቀ ግን የለም። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ ሰዉ ጋቢውን ሲሰበስብ፣ ከኋላ ረድፍ አንዲት እጅ ቀስ ብላ ትነሣለች። «አንድ ነገር ልጨምር።» ይህ ሰው በእናንተም ቀበሌ አለ። እድራችሁ ውስጥ አለ። የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ ልጅ ሳይኖረው፣ አለ።

የእኛ የአርብ ገበያ ከተማው እንድርያስ ላቀው ይባላል። በልጅነቱ እዚሁ ጋይንት ካለው ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲማር ቆይቶ፣ ኋላ ወደ አስኳላ የተመለሰ ነው። ያለ ማዕረግ መጥራቱ ነውር ስለመሰለኝ በልቤ «መጋቤ አጀንዳ» ብዬ ሾሜዋለሁ። በልቤ ያልኩት ጮክ ብዬ መናገር ስለማልችል ነው። እኔ ሰብለ እባላለሁ፤ የወጣቶች ክበባችን ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊነትን የወደድኩት ሌላው ሲናገር ዝም ማለት ስለሚፈቀድበት ነው።

መጋቤ አጀንዳ ያልተናገረበት ቦታ የለም። በማዳበሪያ ስብሰባ ላይ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ በመጸዳጃ ቤት ስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያ ጨምሯል። አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ሽማግሌው ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ እሱም እጁን አወጣ።

«አንድ ነገር ልጨምር። የሙሽራይቱ ዕድሜ ተጣርቷል ወይ?»

ሙሽራይቱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ስምንተኛ ክፍል ከእሱ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወጡ ሳይቀርብለት ከዳሱ አስወጡት።

«እያወቅህ ለምን ጠየቅህ?» አልኩት በማግስቱ።

«እኔማ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን መለመድ አለበት» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ አይቻልም። ሞክሬያለሁ።

አምና መስከረም ላይ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሀሚድ ሱቅ ገብቶ አንድ ማስታወቂያ አነበበና እየሮጠ ወጣ። በየአካባቢያቸው የሰብዓዊ መብት ሥራ ለሚሠሩ ወጣቶች አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጥ አንድ ቢሮ ማመልከቻ እየተቀበለ ነው። ቀኑ የሚያልፈው በማግስቱ ነበር፤ ለእሱ የሁሉም ነገር ቀን የሚያልፈው በማግስቱ ነው። ቅጹ «ችግሩን በሁለት መቶ ቃላት ግለጹ» ይላል። እሱ አሥራ አንድ ገጽ ጽፎ አመጣልኝ።

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ ግጥም ተምረሻል። ማሳጠር ታውቂያለሽ።»

አሳጠርኩት። «ሥራችሁን ሊያሰናክል የሚችል ስጋት» በሚለው ሣጥን ውስጥ የጻፈውን ግን አልነካሁትም። «ጭቃ» ይላል።

ችግሩ ራሱ ቀልድ አልነበረም። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ የምትኖር ካሰች የምትባል ሴት ባሏ ሞተባት። በመሬታቸው ደብተር ላይ የእሷም ስም፣ የእሷም ፎቶ አለ። ደብተሩን ግን የባሏ ወንድም ገብሬ «እኔ ላስቀምጥልሽ» ብሎ ወሰደውና በዚያው ቀረ። ከፋሲካ በኋላ በሬዎቹን ጠምዶ ሊገባበት እንደሆነ አገር ያወራል። አንዴ ካረሰው ማን ያስወጣዋል? እንደ ካሰች ያሉ ደግሞ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያ በገበያ ቀን ለሴቶቹ መብታቸውን ልናስረዳ፣ ቀጥሎ የሕግ ባለሙያ አስመጥተን የደብተራቸውን ቅጂ ከወረዳው መዝገብ እንዲያወጡ ልናግዝ አቀድን። ቢሮው ተቀበለን። ባለሙያዋን ለመላክ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ትምህርት የተገኙትን ሴቶች ስም ዝርዝር።

በዐቢይ ጾም አንድ አርብ ዕለት እንድርያስ ከገበያው ዳር ካለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። ነጠላውን እንደ ቤተ ልሔም ዘመኑ አጣፍቷል። ስለ ደብተሩ ጥሩ አድርጎ አስረዳ፤ ሌላ ተናጋሪ ስላልነበረ በራሱ ንግግር ላይ አምስት ጊዜ «አንድ ነገር ልጨምር» አለ። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ «እናቶች፣ ስማችሁን ስጡኝ» አላቸው።

እንግዲህ በጋይንት የቤተ ክህነት ልጅ ነጠላውን አጣፍቶ ስም ሲጠይቅ ለምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለጸሎት ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ የክርስትና ስማቸውን ሰጡት። አንዳንዶቹ የልጆቻቸውን ጨመሩ፤ አንዳንዶቹ የሙታኖቻቸውን። እሱም ጻፈ። እንዲህ ያሉ ስሞች ሲጠሩ እየሰማ ነው ያደገው፤ አንዳች አልጎረበጠውም። የሀሚድ ሚስት አዚዛ ብቻ ተራዋ ሲደርስ ግራ ገባት።

«እኔስ የቱን ልስጥህ?»

«አንቺ ያለሽን ስጪኝ» አላት።

ዝርዝሩን ኮምፒውተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስድሳ ሦስት ስም። ወለተ ማርያም አሥራ አራት ጊዜ፤ ወለተ ሥላሴ ዘጠኝ ጊዜ፤ መሐላቸው ኃይለ ሚካኤል የሚባል ወንድ እንኳ አለበት። ጣቴ ቆመ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን እየተናገረ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ላክነው።

መልሱ በሳምንቱ መጣ፤ ጨዋ ደብዳቤ ነው። ወለተ ማርያም የተባለች አንዲት ሴት አሥራ አራት ጊዜ የተመዘገበች እንደሚመስል፣ ከመታወቂያ ጋር ሊመሳከር የሚችለው የወይዘሮ አዚዛ ኢዘዲን ስም ብቻ እንደሆነ፣ እስከ ሰኞ የተስተካከለ ዝርዝር ካልደረሰ ባለሙያዋ እንደማትመጣ ይገልጻል።

«መቼም ከአገሩ አንድ ሰው መታመን አለበት» አለች አዚዛ።

እንድርያስ አልሳቀም። እጁ ጉልበቱ ላይ ሳትንቀሳቀስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ካሰችን ምን እላታለሁ?» አለ።

«አይቼው ነበር» አልኩት። «ስጽፈው አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እየተናገርክ ነበር።»

ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴቶቹ ከየቀበሌው የሚሰበሰቡት አርብ ብቻ ነው፤ የቀረችን አንድ አርብ ነበረች። ጠዋት እንድርያስ ራሱ ጀመረ፤ አልሆነም። «እማማ፣ የመታወቂያ ስምዎን ይንገሩኝ» ሲላቸው «ለጸሎት መታወቂያ ምን ያደርጋል፣ ልጄ? እግዜር መታወቂያ አይጠይቅ» ይሉታል። እሱ እስከጠየቀ ድረስ ወለተ ማርያሞቹ ይበዛሉ እንጂ አይቀንሱም። ስለዚህ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ፣ ጨው ልገዛ ስገባ ሀሚድ ሁለት ጊዜ «እ?» የሚለኝ።

ከበርበሬ ተራ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን አህያ ዋጠው፤ ሁለተኛውን ወፍጮ። ሦስተኛዋ ሴት ላይ ስደርስ ካሰች ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስሙ፣ እናንተ ሴቶች» አለች። «ይቺ ልጅ ለምድሩ መዝገብ ነው የምትጠይቀው፤ የሰማዩ ደርሷል። የአደባባይ ስማችሁን ስጧት። ሙታናችሁን እዚያው ተዉአቸው።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ በሕይወት ያሉ አርባ አምስት ሴቶች አገኘሁ። ከካሰች ጋር እየተፈራረቅን ስንጣራ ውለን ድምፄ ተዘጋ። ስቆጥበው የኖርኩት ሁሉ በአንድ ገበያ አለቀ።

የሕግ ባለሙያዋ መጣች። ገብሬ በሬዎቹን ሊጠምድ አምስት ቀን ሲቀረው ካሰች ቅጂዋን በእጇ አስገባች። ገብሬ ወረዳው በር ላይ ጠብቆ «ስምሽን ለቄስ ብቻ ብትሰጪ ይሻልሽ ነበር» አላት አሉ።

«ለሁለቱም ሰጥቻለሁ» አለችው። «አንዱ ሲዘገይ ሌላው ይደርሳል።»

ወሬው ጎረቤት ወረዳ ስማዳ ደረሰ። የዋና ከተማዋ የወገዳ ወጣቶችም ድጋፉን አግኝተው ኖሮ «እንድርያስን ለጥቂት ወራት አውሱን» ብለው ላኩ። በግንቦት ሊሄድ ሲነሣ ግማሹ ከተማ ሊሸኘው ወጣ፤ አንዳንዱ ስለሚወደው፣ አንዳንዱ መሄዱን በዓይኑ ሊያረጋግጥ። ረዳቱ የመኪናውን በር ዘጋ። ሞተሩ ተነሣ። ያን ጊዜ ያቺ እጅ በመስኮቱ ወጣች።

«አንድ ነገር ልጨምር።»

ቀረብኩ።

«የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

«ለሪፖርት ነው?»

«ለሪፖርት አይደለም።»

ስሜ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። መኪናው ቀደመው።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ስብሰባዎቻችን በሃያ አምስት ደቂቃ ያልቃሉ። ሰብሳቢያችን ተስፋሁን «ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ይላል፤ የለም። ሰዉ ደስ ብሎት ይበተናል። እኔ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ የመጨረሻዋን መስመር ባዶ ትቼ የኋላውን ረድፍ አያለሁ። አንድ ሰው የሚጨምረው ነገር ከሌለ ስብሰባው የተጠናቀቀ አይመስለኝም፤ ቀኑም እንደዚያው።

እሁድ እሁድ ይደውላል። ስለ ካሰች ጤፍ ይጠይቀኛል፣ ስለ ወገዳ ጭቃ ያወራኛል፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ያንን ጥያቄ ግን ዳግም አልጠየቀኝም። እኔም በስልክ አልመልሰውም። የክርስትና ስም ለጸሎት ካልሆነ በቀር እናትና የንስሐ አባት ብቻ የሚያውቁት ነገር ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ እንዲቀርብኝ አልፈልግም።

በሚቀጥለው ሳምንት ወገዳ ላይ የማጠቃለያ ስብሰባ አለ፤ ክበባችንን ወክዬ የምሄደው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስቴ ወረዳ ይፈልገዋል ይላሉ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት እንደተለመደው በየረድፉ ይዞራል። መጋቤ አጀንዳ አሁን ተምሮበታል፤ ከአናቱ ላይ በቀይ ብዕር «የመታወቂያ ስም ብቻ» ብሎ እንደሚጽፍ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ የክርስትና ስሜን እጽፍበታለሁ።

ቢሮው ከፈለገ ይመልሰው።