ማኅተሙ ያማረ ምስክር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ምስክር ስትመርጡ የምታዩት ሰውየውን ነው ወይስ ወንበሩን? ብልባላ ጤና ጣቢያ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ነርሱ ሲሳይ የሚያየው ወንበሩን ነበር። ለሐኪምነት ትምህርት ሲያመለክት፣ በሥራው የሚያውቀው ሰው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ተጠየቀ።

«ሲስተር ዘነቡ ይጻፉልህ» አልኩት። አለቃችን ናቸው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሥራውን አይተዋል።

«የእሳቸው ማኅተም ትንሽ ነው» አለና ላሊበላ ሄዶ አንድ ሹም ዘንድ ሦስት ቀን ደጅ ጠና። ይዞት የመጣው ማኅተም እውነትም ግማሽ ገጽ ያህላል። ደብዳቤው ግን «አመልካቹ በእርከን ሥራ ግንባር ቀደም ናቸው፤ ድንጋይ አቀባበላቸውም የሚመሰገን ነው» ይላል። ሹሙስ ከየት ያውቁታል? ለሁሉም የሚሰጡትን ሰጡት።

ሲሳይ እያፈረ ሲስተር ዘነቡ ዘንድ ገባ።

«ምነው እስካሁን?» አሉት።

«ሥራ ይበዛብዎታል ብዬ ነው» ብሎ ዋሸ።

ሳቁና ጻፉለት፦ «ሲሳይ ግትር ነው። ደም የሚፈሳትን ወላድ በቃሬዛ ላሊበላ ስንወስድ፣ ደክሞሃል ተመለስ ብንለው እምቢ ብሎ ደሙ እንዲቆም መንገዱን ሁሉ ሆዷን በእጁ እያሸ ሄደ።»

በቃለ መጠይቁ ፈታኞቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። «ሴትዮዋ ተረፈች?»

«ተረፈች» አለ። ተቀበሉት።