ጓዳ የማይገቡ የጓዳ አማካሪ

ጓዳ ረግጦ የማያውቅ ወንድ ስለ ጓዳ ሲያቅድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካልሰማችሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ እኔ ቤት ኑ። አዲስ የገዛነውን ቤት ማድቤት ልናድስ ነው፤ የአገሩ ሰው ሺፑጽ ይለዋል። ትናንት ከፋብሪካ ስመለስ የባሌ አጎት ጋሼ ታከለ ሳሎን ተቀምጠው ማድቤቴን ያፈርሳሉ። ገብተው አይተውት ይሆን? ምን ሲደረግ! ወንድ ልጅ ጓዳ መግባቱ ነውር ነዋ! ስለዚህ ከሶፋው ሳይነሱ፣ ጦር እንደሚያዘምት አዛዥ በከዘራቸው ግድግዳውን ይጠቁማሉ።

"ምድጃው ከዚህ ጀርባ ይሁን። እቃ ማጠቢያው ከጎኑ።"

ባሌ "እንዳሉ ይሁን፣ ጋሼ" ይላል።

ምድጃው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፤ ማን ጠየቀኝ? አፌን ስከፍት ጭራሽ "ሴት ልጅ ስለ ግንብ ምን ታውቃለች?" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። የሻዩን ትሪ ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጌ አስቀመጥኩና "ጋሼ፣ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ያለው እኮ ሽንት ቤቱ ነው!" አልኳቸው።

ጋሼ ከዘራቸውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲያው እሱም ይፍረስ!"

ባሌስ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"እንዳሉ ይሁን፣ ጋሼ።"