ማስተር ኳንሳና ጎረቤታሞቹ ቃላት

(ዊኔባ፣ የባሕሩ ዳርቻ። ኤሱዎን በጀልባ ጎን ላይ ስምና ጥቅስ የሚጽፍ ቀለም ቀቢ ነው። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ፊደሉን ግን አይቶ ሳይሳሳት ይገለብጣል። ዛሬ ጠዋት ከጠበቃ ቢሮ ደብዳቤ ደርሶት ሊያስነብብ ይዞ መጥቷል። ጡረታ የወጣው የፍርድ ቤት ተላላኪ፣ ማስተር ኳንሳ፣ መዝገበ ቃላቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ደብዳቤውን እንደ ቆሻሻ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎታል።)

ኳንሳ፦ ሰው ገዳይ ሆነሃል አልኩህ! ስንቴ ልድገምልህ?

ኤሱዎን፦ እኔ? ዶሮ እንኳ የምታርድልኝ ሚስቴ ናት እኮ!

ኳንሳ፦ እሱን ለጠበቃው ንገረው። «ሟቹ ሚስተር ኦቱ አንተን ኤክሲኪዩተር አድርገው ሾመውሃል» ይላል። መጽሐፉ ደግሞ ይኸው፦ «ኤክሲኪዩሽነር፦ ሞት የተፈረደበትን ሰው የሚገድል።»

ኤሱዎን፦ አንዱ «ተር»፣ አንዱ «ሽነር» አሉ እኮ፣ ማስተር።

ኳንሳ፦ አይ ደንቆሮ! በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ቃላት ዘመዳሞች ናቸው። አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ድስት ሳይዋዋስ ይኖራል?

ኤሱዎን፦ እሺ፣ ማንን ነው የምገድለው? ሽማግሌው ኦቱ እንደሆኑ ከሞቱ ሦስት ሳምንታቸው ነው።

ኳንሳ፦ (ደብዳቤውን ዓይኑ ላይ ለጥፎ) «በቤታቸው ባለው ሁሉ ላይ ይፈጽማል» ነው የሚለው። ገባህ? ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ!

ኤሱዎን፦ ቤቱ ውስጥ ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።

(ኳንሳ በኦቱ ቤት ፎቅ ላይ፣ ያለ ኪራይ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ተጠግቶ ኖሯል።)

ኳንሳ፦ ያን ነገር ወደዚያ አርገው።

ኤሱዎን፦ ብሩሽ እኮ ነው፣ ማስተር!

ኳንሳ፦ አርገው ብያለሁ!

ኤሱዎን፦ (ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ደብዳቤውን ይቀበላል) ቆይ... የእኔ ሥራ ፊደል መቁጠር ነው። እዚህ ደብዳቤው ላይ ያለው ስምንት ነው። እርስዎ ከመጽሐፉ የሚያነቡት... አሥራ አንድ። ሌላ ቃል ነው!

ኳንሳ፦ ቀለም ቀቢ እንግሊዝኛ ሊያስተምረኝ! ወይ ጉድ!

ኤሱዎን፦ ገጹን ይግለጡት እንጂ።

(ኳንሳ እየተነጫነጨ ይገልጣል። ኤሱዎን ቀለም በነካው ጣቱ መስመሮቹን ቁልቁል ይከተላል።)

ኤሱዎን፦ ይቺው፣ ስምንቷ! ያንብቡ።

ኳንሳ፦ (ድምፁ እየሟሸሸ) «ሟች የተናዘዘውን እንዲያስፈጽም... በሟቹ የተመረጠ ሰው።»

ኤሱዎን፦ እኔን መርጠው? ነፍሳቸውን ይማር! በሉ የቀረውን ያንብቡልኝ።

ኳንሳ፦ የቀረው ተራ ነገር ነው።

ኤሱዎን፦ ያንብቡ!

ኳንሳ፦ «የፎቁ ክፍል ለሚስተር ኳንሳ ተሰጥቶ ነበር። እሳቸው ግን ቤኔፊሺያሪ አልሆንም ሲሉ በፊርማቸው የስድብ ደብዳቤ ስለላኩ...»

ኤሱዎን፦ ምን ስድብ?

ኳንሳ፦ ባለፈው ሳምንት ጠበቃው ለእኔም «ቤኔፊሺያሪ ነዎት» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። መጽሐፉን ሳይ «ቤኔፋክተር፦ ከራሱ ላይ ለሌላው የሚሰጥ» ይላል። ሽማግሌው ሞተውም ስጠኝ ይሉኛል ብዬ ደሜ ፈላ!

ኤሱዎን፦ ወደ ታች አልወረዱም?

ኳንሳ፦ (እየገለጠ፣ በሹክሹክታ) «ቤኔፊሺያሪ፦ ከኑዛዜ... የሚደርሰው።»

ኤሱዎን፦ አንተ ሰው! አሥራ ሁለት ዓመት ያኖሩህን አባት መቃብራቸው ሳይደርቅ ሰደብክ?

ኳንሳ፦ «አንተ» አልከኝ?

ኤሱዎን፦ «አንተ» የ«እርስዎ» ጎረቤት ነው። ዘመዳሞች ናቸው ብለህ የለ?

ኳንሳ፦ ኤሱዎን፣ ወንድሜ፣ አስፈጻሚው አንተ ነህ። ተሳስቶ ነው በልልኝ።

ኤሱዎን፦ ቀጥሎ ምን ይላል?

ኳንሳ፦ «...ክፍሉ እስከ ማክሰኞ ተለቅቆ ለመረብ ሰፊዎቹ ማኅበር ይሰጥ።»

ኤሱዎን፦ የዚህን ትርጉም ታውቀዋለህ?

ኳንሳ፦ (አንገቱን ደፍቶ) አውቀዋለሁ።

ኤሱዎን፦ እንግዲያው ተነስ፣ ወደ ቤቱ እንሂድ። አልጋህን በራስጌ በኩል ያዝ፣ እኔ በግርጌው እይዛለሁ። ደረጃው ጠባብ ነው።