ጥያቄውን ማን ጻፈው?

አንባቢ ሆይ፣ ባለፈው ነሐሴ ቀኝ እጅህ የት ነበር? ምን ጻፈ? በማን ፈቃድ? ምስክርስ አለህ?

ከሌለህም አትደንግጥ። ቢቸና ውስጥ ስለ እጅህ ካንተ ይልቅ የሚጨነቅ አንድ ጽሕፈት ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። ትሑት ስለሆነ መጠራት አይወድም፤ በተለይ መልስ ለመስጠት ሲጠራ።

ይህ የተከበረ ጽሕፈት ቤት በሰኔ ወር በሩ ላይ የአስተያየት መስጫ ሳጥን ሰቀለ። ሳጥኑ በወጉ ተመረቀ፤ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ። ኃላፊው አቶ ኃይለ ሚካኤል «ከዛሬ ጀምሮ ሕዝብ ይጠይቃል፣ እኛ እንመልሳለን፤ ተጠያቂነት ባህላችን ይሆናል» ሲሉ ተናገሩ። ከሳጥኑ በላይም በቀይ ቀለም «ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ወረቀት ገባ። አሥራ አንዱም ሳጥኑን ያመሰግናል። ጸሐፊዎቹ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ፤ ዕቅዳቸውን ከመቶ መቶ አሳክተዋል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አሥራ ሁለተኛው ወረቀት ተገኘ። እንዲህ ይላል፦ «ነጋዴው ሙሐመድጣሂር ሐምሌ ዘጠኝ ቀን ከቢቸና ገበያ ተወሰደ። ማን ወሰደው? በምን ሕግ? አሁን የት ነው?»

ሙሐመድጣሂር የሞጣ ሰው ነው። ጨርቅ ይነግዳል፤ የገበያ ዕለት በመጣ ቁጥር በአውቶቡስ ወደ ቢቸና ይወርዳል። ያን ዕለት ሁለት ሰዎች «ለአንድ አፍታ ትፈለጋለህ» ብለው ይዘውት ሄዱ፤ ለደንበኛ የለካው ጨርቅ ሳይቆረጥ ቀረ። ቤተሰቡ ቢቸና ሲጠይቅ «ሞጣ ተልኳል» ተባለ። ሞጣ ሲጠይቅ «ከቢቸና አልወጣም» ተባለ። አንዷ አፍታ ወር አለፋት።

ተራ ጽሕፈት ቤት ቢሆን ይህን አንብቦ ሰውየውን ይፈልግ ነበር። የእኛው ግን ተራ አይደለም። አቶ ኃይለ ሚካኤል አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

«አበው ‹ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ› ይላሉ። የዚህ ነገር ሥሩ ምንድን ነው?»

«የሰውየው መወሰድ ነዋ» አለች የመዝገብ ቤቷ ፈንታነሽ።

«አይደለም! የወረቀቱ መጻፍ ነው። ማነው የጻፈው?»

«ስም አያስፈልግም ብለን ለጥፈን የለ እንዴ?»

«አያስፈልግም አልን እንጂ አንፈልግም መች አልን!»

በዚህ ጥልቅ የሕግ ትርጓሜ መሠረት የእጅ ጽሑፍ አጣሪ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉ ቤት ለቤት ዞሮ በእጅ የተጻፈ ነገር ሁሉ ሰበሰበ፤ የተማሪ ደብተር፣ የእድር መዝገብ፣ የሐኪም ማዘዣ ሳይቀር። የመምህርት እፀገነት የፍቅር ደብዳቤ በአባላቱ ፊት ሦስት ጊዜ ተነበበ። ሁለቱ ለማጣራት ነው፤ ሦስተኛው በአባላት ጥያቄ። መምህርቷ ደብዳቤዋን ልትወስድ ብትመጣ «ገና እየተጠና ነው» ተባለች። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ‹ዝም አይነቅዝም› እያለ ያደገ ከተማ ማንን ይጠይቃል?

በሦስተኛው ቀን ግብረ ኃይሉ የሚፈልገው ሰው በእግሩ መጣ። በእግሯ ልበል እንጂ፤ የሙሐመድጣሂር ሚስት ሳብሪያ ነበረች።

«ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሳብሪያ እባላለሁ። ባሌ የት ነው?»

አቶ ኃይለ ሚካኤል በደስታ ይዘላሉ ብለህ ጠብቀህ ይሆናል። ይልቅስ ፊታቸው ገረጣ። መመሪያው «ማንነቱ ለታወቀ ጠያቂ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ይሰጣል» ይላላ! ላልታወቀ ጠያቂ ግን ማንም ምንም አይመልስም፤ ዕድሜ ልክ ሲፈለግ ይኖራል።

«እህቴ፣ አንቺ መሆንሽ በምን ይታወቃል?»

«ነኝ አልሁዎት እኮ!»

«ነኝ ማለትማ ማንም ይላል።»

«ማን አለ እስቲ?»

«እሱ ነው የሚጣራው። ተሰለፊ።»

ሰልፉ እንዲህ ነው። ግብረ ኃይሉ ደብተርና የሐኪም ማዘዣ እያስተያየ መድከሙን ዐይቶ፣ ፍትሐዊ ንጽጽር ማለት ሁሉም ሰው ያንኑ ቃል ሲጽፍ ነው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በላይ የሆነ ሁሉ አዳራሽ እየገባ፣ ያንን ወረቀት ከቃል እየሰማ እንዲጽፍና ስሙንና ፊርማውን እንዲያኖር ታዘዘ። አንድ ሰው ጥያቄ ጠየቀ ተብሎ ከተማው በሙሉ ጥያቄውን እንዲጽፍ የተገደደው እንግዲህ በዚህ ጥበብ ነው። አቶ ኃይለ ሚካኤል ለአርአያነት የመጀመሪያውን ወረቀት ራሳቸው ጽፈው ፈረሙ። ከዚያም መድረክ ላይ ቆመው፣ ጠዋትም ከሰዓትም፣ በሚያስተጋባ ድምፅ ያስጽፉ ጀመር፦ «በምን ሕግ? አሁን የት ነው? የጥያቄ ምልክቷን እንዳትረሱ!»

በሁለተኛው ቀን የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ፋንታ ጽፈው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ሰው አላውቀውም ነበር። ለመሆኑ የት ነው?»

«አባታችን፣ እርስዎ ይጻፉ እንጂ አይጠይቁ።»

«ያስጻፍኸኝ ጥያቄ አይደለም እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «ኧረ መልሱላቸው!» አለ። በሳምንቱ ሙሐመድጣሂርን በመልክ የማያውቀው ቢቸና ስሙን ያለ ስሕተት ይጽፍ ነበር። ጥያቄው በሞጣ አውቶቡስ ላይ ወጣ፤ ሉማሜም ገበያ ገባ። ግብረ ኃይሉ በገዛ ወረቀቱና በገዛ እስክሪብቶው ያዳረሰውን ያህል ሳብሪያ መቶ ዓመት ብትለፋ አታዳርሰውም። ምስጋና ይገባዋል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ውጤቱ ተነገራት።

«ያንቺ አይመሳሰልም። የዋናው ወረቀት ጸሐፊ እጁ የጸና ነው፤ ያንቺ ይንቀጠቀጣል።»

«ያኔ ከተወሰደ ወሩ ነበር» አለች ሳብሪያ። «አሁን ሁለት አልፎታል።»

ይህም በቃለ ጉባኤው «ተጨማሪ አስተያየት» ተብሎ ተያዘ። ከሥሩም «ጸሐፊው ሊታወቅ ስላልቻለ ፋይሉ ተዘግቷል» ተባለ። አቶ ኃይለ ሚካኤል እፎይ ብለው ፈንታነሽን ጠሩ።

«በይ፣ ያንን ወረቀት ሁሉ መጋዘን አስገቢልኝ።»

«አይቻልም።»

«ለምን?»

«ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አርባ ጥያቄ ነው። ሁሉም ስምና ፊርማ አለው፣ ገቢ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ማኅተም አርፎበታል።»

«ማን መዝግቢ አለሽ?»

«እርስዎ። አንድ ወረቀት እንዳይቀር ብለው በደብዳቤ አዘዙኝ። እንግዲህ ማንነታቸው የታወቀ ጠያቂዎች ናቸው፤ አሥራ አምስት ቀኑ መቆጠር ጀምሯል። የመጀመሪያው ጠያቂም እርስዎ ነዎት።»

ፈንታነሽ በማግስቱ ያልጠየቀችው የዓመት ፈቃድ ተሰጣት። አሥራ አምስቱ ቀን መልስ ሳይሰጥበት አልቆ ሌላ ስምንት ቀን አልፏል። ሳብሪያ አሁንም የገበያ ዕለት ከሞጣ ትመጣለች፤ የባሏን ልብስ አጥባ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፣ ሳታደርሰው ትመለሳለች።

ምስጋናዬን እዚህ ላይ ጨርሻለሁ። አቶ ኃይለ ሚካኤል፣ ያስጻፉት ቃል የእርስዎ ፊርማ አለበት፤ ሰምቼ አላውቅም ማለት አይችሉም። የወሰዱት ሰዎች ስም አላቸው፤ የተቀመጠበት ቤት በርና ቁልፍ አለው፤ ቁልፉንም የያዘ ሰው አለ። ሕዝቡን በተራ እያስገቡ ባስጻፉበት አዳራሽ ሕዝቡን መልሰው ይጥሩ፤ ሳብሪያን ከፊት ያስቀምጡ፤ ቆመውም በሁላችን ፊት ይመልሱ፦ ሙሐመድጣሂርን ማን ወሰደው? በምን ሕግ? አሁን የት ነው?